«እኛ አልጮህንም ነበር»፦ አቅጣጫ ስለቀየሩ በረራዎችና ስለ ዜናቸው፣ ጥያቄና መልስ

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚህ ዓምድ፣ መድረሻቸው ሳይደርሱ በድንገት ወደ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚዞሩ በረራዎች ጥቂት ጽፌ፣ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። የመጡት ደብዳቤዎች ከጠበቅሁት በላይ ናቸው። ስለ ሞተርና ስለ ጭስ የሚያወሩት ጥቂቶቹ ናቸው። የሚበዙት ሰው በሰላም ካረፈ በኋላ ስለ ራሱ የተነገረውን ዜና ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ይናገራሉ። እኔም በዜና ክፍል ብዙ ዓመት የሠራሁ ስለሆንኩ ደብዳቤዎቹን ከሁለቱም ወገን ሆኜ ነው ያነበብኳቸው። ስሞችን አላወጣሁም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ከተነሳን ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። አብራሪው «የቴክኒክ ችግር ስላለ በአቅራቢያ ባለ አውሮፕላን ማረፊያ እናርፋለን» ብሎ ለሃያ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ማንም አልጮኸም፤ እንዲያውም እንደዚያ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ አልሰማሁም። ማታ ዜናውን ሳየው «ተሳፋሪዎች በጩኸት የታመሱበት በረራ» ይላል። እኔ ስላልነበርኩበት አውሮፕላን ያነበብኩ መሰለኝ። አብራሪው ለምን ዝም አለን? ጋዜጠኛውስ ጩኸቱን ከየት አመጣው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለዚያ ጸጥታ የጻፉልኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም። የማያውቁትን ሰው እጅ ስለ መያዝ፣ ከንፈር ብቻ ስለሚንቀሳቀስበት ጸሎት፣ የበረራ አስተናጋጇን ፊት ደጋግሞ ስለ ማየት ብዙዎች ጽፈውልኛል። የሚጮኽበት በረራም አለ፤ አውሮፕላኑ ሳይታሰብ ሲናጥ ሰው ሳያስበው ይጮኻል። ክፉ ወሬ ሰምቶ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ድምፁ ይጠፋል።

ከአብራሪው ልጀምር። አብራሪዎች ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚሰጣቸው ቅደም ተከተል አለ፦ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ማብረር፣ ቀጥሎ የሚሄዱበትን ማወቅ፣ ከዚያ መነጋገር። ንግግሩም ራሱ ወረፋ አለው፤ የበረራ ተቆጣጣሪዎችና የበረራ አስተናጋጆች ይቀድማሉ፣ ተሳፋሪው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ጭስ በተጠረጠረ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም አብራሪዎች የኦክሲጅን ጭምብል አጥልቀው፣ የአደጋ ጊዜ መመሪያውን መስመር በመስመር እያነበቡ ነው የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2010 የኳንታስ በረራ 32 በውስጡ 469 ሰዎችን ይዞ ከሲንጋፖር ወደ ሲድኒ እንደተነሳ ከአራቱ ሞተሮቹ አንዱ በአየር ላይ ፈነዳ። አብራሪዎቹ ኮምፒውተሩ የሚደረድርላቸውን የብልሽት ዝርዝር አንድ በአንድ ለመጨረስ 50 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ያ 50 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሙሉ በሙሉ ዝም ማለት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1982 የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 9 በኢንዶኔዥያ ሰማይ ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ካፒቴን ኤሪክ ሙዲ ለተሳፋሪዎቹ ትንሽ ችግር እንደገጠማቸው፣ አራቱም ሞተሮች እንደቆሙና መልሶ ለማስነሳት የሚቻለው ሁሉ እየተደረገ መሆኑን በጥቂት ቃላት ነገራቸው። ሞተሮቹ ተነስተው አውሮፕላኑ ጃካርታ በሰላም አረፈ፤ ንግግሩም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ለዚያ ማስታወቂያ የፈጀው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። «የቴክኒክ ችግር» የሚለው ሐረግ ግን ምንም ስለማይናገር፣ ተሳፋሪው ክፍተቱን በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል።

ወደ ጩኸቱ ስመጣ የራሴን ልናገር። ወጣት ዘጋቢ ሳለሁ፣ አንድ ምሽት አቅጣጫ ቀይሮ ካረፈ አውሮፕላን የሚወጡ ሰዎችን በር ላይ ጠብቄ አነጋገርኩ። ስድስት ሰዎች «ሁላችንም ጸጥ ብለን ነበር» አሉኝ። ሰባተኛዋ «ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች» አለችኝ። በማግስቱ በወጣው ጽሑፍ ስድስቱ የሉም፤ ርዕሱ የአንዲቷ ሴት ጩኸት ነበር። ርዕሱን ያወጣው አርታዒው ቢሆንም፣ በማስታወሻዬ ላይ ያንን መስመር ሁለት ጊዜ አስምሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንድም ቃል አልዋሸሁም። ከሰባት ምስክር አንዱን መረጥሁ እንጂ። እነዚያ ስድስት ሰዎች ጋዜጣውን አንብበው ከሆነ የእርስዎን ስሜት ቀምሰውታል፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ጥያቄ፦ አንድ አውሮፕላን «በአምስት ደቂቃ 6,000 ጫማ ወደቀ» የሚል ዜና ካነበብኩ ወዲህ መብረር ፈርቻለሁ። እውነት እንዲህ ይወድቃል?

መልስ፦ ያነበቡት እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር ስለነበረው የሲንጋፖር አየር መንገድ በረራ 321 ይመስለኛል። 211 ተሳፋሪዎችና 18 ሠራተኞች ነበሩበት። በምያንማር ሰማይ ላይ በ37,000 ጫማ ከፍታ ሳለ ከባድ የአየር መናወጥ መታው። አንድ ተሳፋሪ ሞተ፤ በርካቶች ክፉኛ ተጎዱ። አውሮፕላኑም ወደ ባንኮክ ዞሮ አረፈ። ይህ ሐዘን ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ነው። የሲንጋፖር የአደጋ መርማሪዎች የበረራ መቅረጫውን አንብበው በዚያው ወር መጨረሻ ያወጡት የመጀመሪያ ሪፖርት እንደሚለው፣ ሰዎቹን ከወንበራቸው አንስቶ ከጣሪያ ጋር ያጋጨው ቅጽበት 4.6 ሰከንድ የፈጀ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ በዚያ ጊዜ ያጣው ከፍታ 178 ጫማ ነው፤ 54 ሜትር ያህል። ያ 6,000 ጫማ የመጣው ከ17 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። አብራሪዎቹ ጉዳተኞች መኖራቸውን አውቀው፣ ወደ ባንኮክ ለመዞር ወስነው፣ ከ37,000 ወደ 31,000 ጫማ በራሳቸው ፈቃድ የወረዱት መውረድ ነው። ዘጋቢዎቹ በበረራ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ መስመሩ ቁልቁል ሲሄድ አዩና ሁለቱን ነገሮች አንድ አደረጓቸው።

አማርኛችን «ወረደ» እና «ወደቀ» የሚሉ ሁለት ግሦች ያሉት በከንቱ አይደለም። ትንሽ ስሌት ቢሠራ ኖሮ ስህተቱ በዚያው ሌሊት ይታይ ነበር፦ 6,000 ጫማ ለአምስት ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 1,200 ጫማ ነው። አውሮፕላን በማንኛውም ሰላማዊ ቀን ለማረፍ ሲወርድ በደቂቃ 2,000 ጫማ ገደማ መውረዱ የተለመደ ነው። እርስዎም እየተኙ ወይም መጽሐፍ እያነበቡ በዚያ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ወርደዋል።

የሚያሳዝነኝ፣ የተጋነነው ቁጥር እውነተኛውን ትምህርት መሸፈኑ ነው። ሰውን የጎዳው 54 ሜትሩ ነው። ከ54 ሜትር ደግሞ የመቀመጫ ቀበቶ ያድናል። ምልክቱ ጠፍቶም ቢሆን በተቀመጡ ቁጥር ቀበቶዎን ላላ አድርገው ይታሰሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከአውሮፕላን ውስጥ «ወደ ሌላ ቦታ እየዞርን ነው፣ አትጨነቂ» ብሎ ጻፈልኝና ግንኙነቱ ተቋረጠ። ለሁለት ሰዓት ከአንዱ የዜና ጣቢያ ወደ ሌላው ስዘል ነበር፤ እያንዳንዱ የተለያየ ነገር ይላል። እንደዚህ ያለ ጊዜ ማንን ማመን ይሻላል?

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ታሪኮች አሉኝ። የመጀመሪያው ከላይ ያነሳሁት የኳንታስ በረራ ነው። የፈነዳው ሞተር ስብርባሪ በኢንዶኔዥያዋ ባታም ደሴት ላይ ወድቆ፣ ሰዎች የአየር መንገዱን ቀለም የያዘ ቁራጭ ይዘው ፎቶ ተነሱ። አውሮፕላኑ ገና በአየር ላይ ሳለ «ተከሰከሰ» የሚል ወሬ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። የአየር መንገዱ አክሲዮን ዋጋ ወረደ። ከዚያ ሁሉ በኋላ 469ኙም ሰዎች ሲንጋፖር ላይ በእግራቸው ወረዱ። ያንን ወሬ በቤታቸው ሆነው የሰሙ ቤተሰቦችን አስቧቸው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2005 የሆነው ነው። የጄትብሉ በረራ 292 ከካሊፎርኒያዋ በርባንክ ወደ ኒውዮርክ ሲነሳ የፊት ጎማው ወደ ጎን ተጣመመ። ኤርባስ ኤ320 ነዳጅ በአየር ላይ የሚያፈስበት መሣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ክብደቱን ለመቀነስ ለሦስት ሰዓት ያህል ነዳጁን እያቃጠለ በአየር ላይ ዞረ። በየወንበሩ ጀርባ የቀጥታ ቴሌቪዥን ነበር። ተሳፋሪዎቹ የራሳቸውን አውሮፕላን በዜና ላይ ያዩ ነበር፤ ተንታኞች ጎማው ይሰበር ይሆን፣ እሳት ይነሳ ይሆን እያሉ ሲከራከሩ በጆሮአቸው ይሰሙ ነበር። ማረፊያው ሲቃረብ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ሎስ አንጀለስ ላይ ብልጭታ እየረጨ አረፈ፤ ከ146ቱ ሰዎች አንድም አልተጎዳም። ከእነርሱ መካከል ዜናውን ማየቱ እንደረዳቸው የተናገሩም፣ ይበልጥ እንዳስጨነቃቸው የተናገሩም ነበሩ። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የሚታየኝ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው ተንታኝ ነው። የሚናገርላቸው ሰዎች እየሰሙት መሆኑን ቢያውቅ ቃላቱን ይመርጥ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ለእርስዎ የምመክረው፦ የበረራ ቁጥሩን ይያዙ፤ አየር መንገዱ ራሱ የሚያወጣውን መግለጫና የሚያርፍበትን አውሮፕላን ማረፊያ ይከታተሉ፤ «ምንጮች እንደገለጹት» የሚለውን ይዝለሉ። ባለቤትዎ ሲያርፍ የሚደውለው ለእርስዎ ነውና ስልክዎን ነፃ አድርገው ይጠብቁ። ሁለት ሰዓቱ አያጥርም፤ ጣቢያ መቀያየሩ ግን የበለጠ ያስረዝመዋል።

ጥያቄ፦ በስልኬ የበረራ መከታተያ አለኝ። አንድ አውሮፕላን «7700» ሲያሳይ ወዲያው ለጓደኞቼ አጋራለሁ። ጥፋት አለው?

መልስ፦ ልጄ፣ 7700 አብራሪው ለተቆጣጣሪዎች «አስቸኳይ ሁኔታ ላይ ነኝ፣ ቅድሚያ ስጡኝ» የሚልበት መለያ ነው። 7600 የሬዲዮ ግንኙነት መቋረጥ ነው፤ 7500 ጠለፋ ነው። 7700 የታመመ ተሳፋሪም፣ የተሰነጠቀ መስታወትም፣ የሞተር ብልሽትም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ አይነግርህም። ከማጋራትህ በፊት እናቱ በዚያ በረራ ላይ ያለች ልጅ መልእክትህን ቢያነብ ብለህ አስብ። ደህና ማረፉን እስክታይ ብትጠብቅ የሚጎድልብህ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ከአውሮፕላኑ ወርጄ ገና እየተንቀጠቀጥኩ ማይክሮፎን ተደቀነብኝ። «ሞተሩ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። በኋላ እሳት እንዳልነበረ ተነገረ። ቪዲዮው እስከ ዛሬ ይዞራል፤ «ውሸታም» የሚሉኝ አሉ። ልጆቼም አይተውታል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ አልዋሹም። በሞተር ውስጥ የሚያልፈው አየር ፍሰቱ ሲታወክ፣ መድፍ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ ከሞተሩ ኋላም ነበልባል ብልጭ ይላል። በመስኮት ለሚያይ ሰው ያ እሳት ነው። ለመሐንዲስ ግን «የሞተር እሳት» ማለት ነበልባሉ ከተፈቀደለት ቦታ ወጥቶ ሞተሩን ራሱን ሲበላ ነው። እርስዎ ነበልባል አይተዋል፤ «ተቃጠለ» የሚለው ካዩት ላይ የደረሱበት መደምደሚያ ነው። በዚያች ደቂቃ ሁለቱን ለይቶ እንዲናገር ከማንም አይጠበቅም። ለይቶ መጠየቅ የነበረበት ማይክሮፎኑን የያዘው ሰው ነው።

ደግሞም ተሳፋሪ ያየውን ነገር በንቀት የሚያዩ ሰዎች ሁሉ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1989 የሆነውን ማወቅ አለባቸው። የብሪቲሽ ሚድላንድ በረራ 92 ከለንደን ወደ ቤልፋስት ሲሄድ የግራ ሞተሩ ተበላሸ። አብራሪዎቹ ተሳስተው ጤነኛውን የቀኝ ሞተር አጠፉና ወደ ኢስት ሚድላንድስ አውሮፕላን ማረፊያ ዞሩ። ካፒቴኑ የቀኙ ሞተር ችግር ስለነበረበት እንደተዘጋ ለተሳፋሪዎች ተናገረ። በግራ በኩል የተቀመጡ ብዙ ሰዎች ግን ከግራው ሞተር ነበልባል ሲወጣ አይተው ነበር፤ ከበረራ አስተናጋጆቹም ምልክቱን ያዩ ነበሩ። ሁሉም «አብራሪው ያውቃል» ብለው ዝም አሉ። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወደቀ፤ ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አብራሪዎችና አስተናጋጆች አብረው እንዲሠለጥኑ ሲወተወት የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ያዩትን የሚናገሩ ተሳፋሪ መሆንዎ የሚያሳፍር አይደለም።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ዛሬ ተቀምጠው በወረቀት ላይ ያዩትን፣ የሰሙትንና ያሸተቱትን ብቻ ይጻፉ፤ ከየትኛው ረድፍ፣ በየትኛው ወገን መስኮት እንደነበሩ ይጨምሩ። የገመቱትን ለብቻው ያስፍሩ። አንዱን ቅጂ ለአደጋ መርማሪዎቹ ይላኩ፤ የተሳፋሪ ቃል ይፈልጋሉ። ሌላውን ለጣቢያው ልከው ከቪዲዮው ሥር ማብራሪያ እንዲያኖሩ ይጠይቁ። ለልጆችዎ ደግሞ ቁጭ ብለው ሙሉውን ይንገሯቸው። ልጆች የአባታቸውን ታሪክ ከአሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ መማር የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ጭምብሉ ሲወርድ ስልኬን አውጥቼ ቀረጽሁ። ባለቤቴ ተቆጣችኝ። እኔ ግን ማስረጃ ነው ብዬ ነው።

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። በ35,000 ጫማ ከፍታ የአውሮፕላኑ አየር ግፊት ቢጠፋ፣ ሰው ያለ ኦክሲጅን አእምሮው በደንብ የሚሠራለት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ነው። እጅዎ በዚያ ጊዜ ለጭምብሉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2018 የሳውዝዌስት በረራ 1380 ሞተሩ ተሰብሮ፣ ስብርባሪው መስኮት ሰብሮ፣ አንዲት ተሳፋሪ ለሞት ያበቃት ጉዳት ደርሶባት፣ ወደ ፊላደልፊያ ዞሮ አረፈ። ከውስጥ የወጡት ምስሎች ዓለምን አዳረሱ። በምስሎቹ ላይ ብዙ ሰዎች ጭምብሉን አፋቸው ላይ ብቻ አድርገው አፍንጫቸው ውጭ ቀርቶ ይታያል። ጭምብሉ አፍንጫንም አፍንም ይሸፍናል። ከረጢቱ ባይነፋም ኦክሲጅኑ ይመጣል። የሚበቃው ለአሥራ ሁለት ደቂቃና ከዚያ ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ነው፤ አብራሪው ያለ ጭምብል መተንፈስ ወደሚቻልበት 10,000 ጫማ ለመውረድ ያ ይበቃዋል። ያ ቁልቁለት ፈጣን ነው፤ ያስፈራል፤ ሆኖም የሚደረገው እናንተን ለማዳን ነው።

ውጡ ከተባለ ደግሞ ስልክም ሻንጣም ይቅር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ የነደደው የጃፓን አየር መንገድ በረራ 516 ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት የወጡት ጓዛቸውን ጥለው ነው።

ካረፉ በኋላ የቀረጹት የእርስዎ ንብረት ነው። ዜና ጣቢያዎች «እንጠቀምበት?» ብለው ሲጽፉልዎ ለምን ያህል ጊዜና የት እንደሚያሳዩት ይጠይቁ። የሕፃናትና የተጎዱ ሰዎች ፊት እንዲሸፈን ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጡ። እምቢ ማለትም ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ታሞ አውሮፕላናችን ዞረ፤ የወንድሜ ሠርግ አመለጠኝ። ዜናው ስለ እኛ ምንም አላለም፤ ስለ ረዳው ሐኪም ብቻ ነበር። ቅሬታዬ ራስ ወዳድነት ነው?

መልስ፦ ሐዘንዎ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ604 በረራዎች አንድ የሕክምና አስቸኳይ ሁኔታ እንደሚያጋጥም፣ ከእነዚህም በረራው እንዲዞር የሚያደርጉት 7.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ስለዚህ ያ ሰው በጣም ታሞ ነበር ማለት ነው። በመሬት ላይ ያለ ሐኪም በሬዲዮ ተማክሮ፣ ካፒቴኑ ወስኖ የሚደረግ ነገር ነው። ወንድምዎ ይህን ሲሰማ እንደሚረዳዎት እርግጠኛ ነኝ።

ጥያቄ፦ አልቆሰልኩም። ግን ለአርባ ደቂቃ ልሞት ነው ብዬ አምኜ ነበር። አየር መንገዱ «ጉዳት አልደረሰብዎትም» ይላል። እውነት ካሣ የለኝም?

መልስ፦ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆየ ክርክር አለ፤ ታሪኩም የእርስዎን ይመስላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1983 ከማያሚ ወደ ናሳው የሚሄድ የኢስተርን አየር መንገድ አውሮፕላን፣ በጥገና ጊዜ ትንንሽ የጎማ ማጥበቂያ ቀለበቶች ሳይገጠሙ ቀርተው ዘይቱ ከሦስቱም ሞተሮች አለቀ። አንዱ ሞተር ተዘግቶ ወደ ማያሚ ሲመለስ ሌሎቹ ሁለቱም ቆሙ። ተሳፋሪዎቹ ባሕር ላይ ሊያርፉ እንደሆነ ተነገራቸው። በመጨረሻ የተዘጋው ሞተር ተነስቶ ማያሚ በሰላም ደረሱ። ለደረሰባቸው የመንፈስ ሥቃይ ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 የዓለም አቀፍ በረራዎችን ተጠያቂነት በሚደነግገው በዋርሶ ስምምነት መሠረት የአካል ጉዳት በሌለበት ለመንፈስ ሥቃይ ብቻ ካሣ እንደማይከፈል ወሰነ። እሱን ለመተካት በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነትም «የአካል ጉዳት» የሚለውን ቃል እንዳለ አቆየው።

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2022 በሰጠው ውሳኔ፣ የሥነ ልቦና ጉዳቱ ያለ ሕክምና የማይድንና አጠቃላይ ጤናን የሚነካ መሆኑ በባለሙያ ከተረጋገጠ እንደ አካል ጉዳት ሊቆጠር ይችላል አለ። እኔ በልቤ ከዚህኛው ጋር ነኝ። አርባ ደቂቃ ሞቱን የጠበቀ ሰው ሰውነቱ ያንን አይረሳም፤ እንቅልፉ፣ ልቡ፣ ሆዱ ይመሰክራል።

ስለዚህ እንቅልፍ ከነሳዎት፣ ያ ሰዓት እየተመለሰ ከመጣብዎት፣ ከአንድ ወር በላይም ከቆየ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። መጀመሪያ ለጤናዎ፣ ቀጥሎም በጽሑፍ የተመዘገበ ነገር እንዲኖርዎት። በሞንትሪያል ስምምነት ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ለመዘግየቱ ደግሞ በረራዎ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የሚሸፈን ከሆነ ምግብና ማደሪያ፣ መንስኤው ምንም ቢሆን፣ መብትዎ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ዘግይተው ከደረሱና መንስኤው ከአየር መንገዱ አቅም ውጭ ካልሆነ፣ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሣ አለ። የመሳፈሪያ ወረቀትዎንና ደረሰኞችዎን አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ዘጋቢ ነኝ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደህ ተሳፋሪዎቹን አነጋግር ብለውኛል። ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ «ምን ተሰማዎት?» በሚለው አትጀምር። ሰው ለዚያ ጥያቄ ያለው መልስ «ልንሞት ነው ብዬ ነበር» የሚል ብቻ ነው፤ አርታዒህም የሚፈልገው እሱን ነው። «የት ተቀምጠው ነበር? መጀመሪያ ያስተዋሉት ምንድን ነው? ከዚያስ? አብራሪው ምን አለ፣ በየትኛው ቃል?» ብለህ ጠይቅ። እሳት አየሁ ካለህ «በየትኛው በኩል፣ ምን ይመስል ነበር?» በለው። «ለጥንቃቄ ማረፍ» እና «ተገድዶ ማረፍ» የተለያዩ ናቸው፤ አታምታታቸው። መንስኤውን በዚያች ሌሊት ማንም አያውቅም፤ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት የመርማሪዎቹ የመጀመሪያ ሪፖርት እንኳ የሚጠበቀው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ያን ቀን በማስታወሻህ ላይ ጻፍና ተመልሰህ ዘግበው። አብዛኞቹ ባልደረቦችህ አይመለሱም። በመጀመሪያው ዜና የተሳሳተውን የምታርመው ያኔ ነው።

የሚነግርህ ሰው ሲያለቅስ ካሜራውን ዝቅ አድርግ። ማግስቱን ሐሳቡን ሊለውጥ እንደሚችል ንገረውና የምትገኝበትን ስልክ ስጠው። በር ላይ ስትቆም ደግሞ ከጥያቄህ በፊት ቤታቸው ደውለው እንደሆነ ጠይቃቸው። የብዙዎቹ ስልክ ባትሪ አልቆ ይሆናል፤ የአንተን አውጣና ስጣቸው።